የፊኛ ካንሰር ታካሚ የዘር ሐረግ ይጠየቅ፤ ለጤና ሚኒስቴርና ለካንሰር ሕክምና ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር፤
በየሆስፒታሉ በኩላሊትና ሽንት ቧንቧ ሕክምና፣ በካንሰር ሕክምናና በፓቶሎጂ ክፍሎች ለምታገለግሉ ባለሙያዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ የፊኛ ካንሰር ታካሚዎች የቤተሰብ ታሪክ በአግባቡ እንዲመዘገብና የዕጢ ናሙናቸው እንዲጠበቅ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፤

የፊኛ ካንሰር የተጠረጠረበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከሁለት ጥያቄዎች አያመልጥም፤ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነና ብልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ኖሮ እንደሆነ ይጠየቃል። ሁለቱም ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። ከወላጆቹ፣ ከወንድምና እህቶቹ፣ ከአክስትና ከአጎቶቹ መካከል በካንሰር የታመመ ወይም የሞተ ሰው ስለመኖሩ የሚጠይቀው ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሲነሣም ታካሚው «የለም» ብሎ እንዲያልፈው ሆኖ ይነሣል። ደብዳቤዬ ይህ ሦስተኛ ጥያቄ ጊዜ ተሰጥቶት እንዲጠየቅ፣ መልሱም ተጽፎ እንዲቀመጥና በመልሱ ላይ ተመሥርቶ አንድ ነገር እንዲሠራ ለመጠየቅ የተጻፈ ነው። የምጽፈውም ሐኪም ሆኜ ሳይሆን፣ ለዚህ በሽታ የሚያጋልጥ የዘረመል ለውጥ ከአባት ወደ ልጅ ከሚወርድባቸው ቤተሰቦች የአንዱ አባል ሆኜ ነው።

አስቀድሜ የነገሩን ልክ ማስቀመጥ አለብኝ፤ አለዚያ ይህ ጽሑፍ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ የፊኛ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 220 ሺህ ያህል ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ለሚያህሉት መነሻው ትምባሆ ነው። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሉድቪግ ሬን እ.ኤ.አ. በ1895 በፍራንክፈርት የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ መብዛቱን ካመለከተ ወዲህ፣ አሮማቲክ አሚን የተባሉት ኬሚካሎች ፊኛን እንደሚመርዙ ታውቋል፤ እነዚሁ ኬሚካሎች በሲጋራ ጭስ ውስጥም አሉ። በአገራችን ደግሞ በመካከለኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ የሽንት ቧንቧ ብልሃርዚያ ይገኛል፤ ይህም ለዓመታት ፊኛን እያቆሰለ ለተለየ ዓይነት የፊኛ ካንሰር እንደሚዳርግ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 አረጋግጧል። ስለዚህ አብዛኛው ታማሚ በሽታውን ከአባቱም ከእናቱም አልወረሰውም። ይህን ደብዳቤ አንብቦ «የፊኛ ካንሰር የዘር በሽታ ነው» የሚል ሰው ካለ አልተግባባንም ማለት ነው።

ሌላም ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። በውጭ አገር የሚታከሙ ወገኖቻችን የዕጢ ምርመራ ውጤታቸውን ሲልኩልን «የጂን ለውጥ ተገኝቷል» የሚል ቃል እናነብና ቤተሰቡ በሙሉ ይደነግጣል። በፊኛ ዕጢ ውስጥ የሚገኙት አብዛኞቹ ለውጦች፣ ለምሳሌ ኤፍጂኤፍአር3 በተባለው ዘረመል ላይ የሚታየው፣ በሰውየው ዕድሜ ውስጥ በፊኛው ሴሎች ላይ ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። ለልጅ አይተላለፉም፣ ወንድምንም አይመለከቱም። በዘር የሚወርደው ለውጥ ሰው ሲፀነስ ጀምሮ በመላ ሰውነቱ ሴሎች ውስጥ ያለው ሲሆን፣ የሚታወቀውም ከዕጢው ሳይሆን ከደም ወይም ከምራቅ ነው። ይህን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ለታካሚው ማስረዳት ብዙ እንቅልፍ ያተርፋል።

በዘር ከሚወርዱት መካከልም ደካማና ብርቱ አለ። ደካማው ብዙ ሰው ዘንድ የሚገኝ ነው። ጉበታችን አሮማቲክ አሚኖችን የሚያከሽፍበት ኤንኤቲ2 የተባለ ኢንዛይም አለ፤ አንዳንዱ ሰው ፈጣኑን፣ አንዳንዱ ዘገምተኛውን ወርሶ ይወለዳል። በጃፓን ዘገምተኛው ያላቸው ከአሥር ሰው አንድ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ በግብፅ አብዛኛው ሰው፣ በእኛም አገር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ይህን ዓይነት ይዟል። የሳንባ ነቀርሳ ሐኪሞቻችን ነገሩን በሌላ በር ያውቁታል፤ አይሶናያዚድ የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከሰውነት የሚያስወግደው ይኸው ኢንዛይም ስለሆነ፣ ዘገምተኞቹ ላይ መድኃኒቱ ጉበትንና ነርቭን የመጉዳት ዕድሉ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በስፔን በተካሄደ ሰፊ ጥናት ዘገምተኛ የሆኑት ሰዎች በፊኛ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው በ40 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል፤ ጭማሪው ግን ጎልቶ የታየው በአጫሾች ላይ ነበር። ከዚህ በመነሣት ሕዝቡን ሁሉ ኤንኤቲ2 እንመርምር የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት እላለሁ፤ ከግማሽ በላይ ለሚሆነው ሕዝብ የሚሰጠው ምክር «አታጭስ» ከሆነ፣ እሱን ያለ ምርመራም መናገር ይቻላል። ሲጋራ በሌለበት ይህ ውርስ ብዙ አያሰጋም።

ብርቱው ውርስ ሌላ ነው፤ የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። ሊንች ሲንድረም ይባላል። ሴል በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም የፊደል ግድፈት አይጠፋም። ግድፈቱን እየተከታተሉ የሚያርሙ ፕሮቲኖች ያሉ ሲሆን፣ ዋናዎቹ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 በተባሉ አራት ዘረመሎች የሚሠሩ ናቸው። ከእነዚህ የአንዱን የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ሰው፣ የቀረው ጤነኛ ቅጂ በአንድ ሴል ውስጥ የተጎዳ ዕለት በዚያ ሴል ውስጥ አራሚ አይኖርም፤ ግድፈት በግድፈት ላይ እየተደራረበ ካንሰር ይሆናል። ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ ወንድና ሴት ልጅ አይለይም። በምዕራቡ ዓለም የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያመለክቱት ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ከነዚህ ለውጦች አንዱን ይዞ ይኖራል፤ ከመካከላቸው ብዙው አያውቀውም።

ሊንች ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ቀጥሎም የማህፀን ካንሰር ነው። የሽንት ቧንቧው ነገር ብዙ ጊዜ የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የኤምኤስኤች2 ለውጥ ያለባቸው ሰዎች እስከ 75 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ከአሥር አንድ የሚሆኑት የፊኛ ካንሰር ይይዛቸዋል፤ በኩላሊት ውስጠኛ ክፍልና ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቧንቧ ላይ የሚነሣው ካንሰር ደግሞ ከዚህም ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና የሊንች ቤተሰብን ለመለየት ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሁለተኛው የአምስተርዳም መስፈርት የኩላሊቱንና የቧንቧውን ካንሰር ሲቆጥር ፊኛን ሳይጨምር ቀርቷል። ስለዚህ በአባቱ የፊኛ ካንሰር፣ በአክስቱ የማህፀን ካንሰር ያለበት ቤተሰብ በመስፈርቱ ወንፊት አልፎ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ ሰፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የሽንት ቧንቧና የፊኛ ካንሰር ያለባቸውን ከ500 በላይ ታማሚዎች ደም መርምሮ 14 በመቶ በሚያህሉት ላይ በሽታ አምጪ የሆነ በዘር የወረደ ለውጥ አግኝቷል፤ ኤምኤስኤች2 እና ቢአርሲኤ2 የተባለው ሌላ ዘረመል ከዋናዎቹ መካከል ነበሩ። የተገኘው ለውጥ ሁሉ ለፊኛው ካንሰር መንስኤ ነው ማለት አይደለም፤ ለዘመድ ጤና ግን ሁሉም ይጠቅማል።

ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አባቴ በሽንቱ ውስጥ ደም ያየው ገና ሃምሳዎቹን ሳያጋምስ ነው፤ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ ከደጋ ወርዶም አልኖረም። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ከጊዜ በኋላ በሽታው ተመልሶበት ዐረፈ። ከካርዱ ላይ የተሰጠን ቅጂ አሁንም እጄ ላይ አለ፤ የፎቶ ኮፒው ቀለም ደብዝዟል፣ «የቤተሰብ ታሪክ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት ግን ሰያፍ ሰረዝ ብቻ ተስቦበታል። የአባቴ እህት ግን በማህፀን ካንሰር፣ ታላቅ ወንድሙም በትልቁ አንጀት ካንሰር ሞተዋል፤ ሁለቱም አልሸመገሉም ነበር። ያን ሰረዝ የሳበውን ባለሙያ አልወቅስም። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ሳለ፣ ቅጹም ከ«አለ» እና «የለም» ውጭ ቦታ ሳይሰጠው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ነገሩ የተገለጠው ከባሕር ማዶ ነው። የዚያ የአጎቴ ልጅ በአሜሪካ ሜሪላንድ ይኖራል፤ የአንጀት ካንሰር ሲገኝበት ዕጢው እዚያ እንደተለመደው ለሊንች ተመረመረ፣ ደሙም ኤምኤስኤች2 ላይ ለውጥ እንዳለበት አሳየ። ሆስፒታሉ «ለቅርብ ዘመዶችዎ ይስጡ» ብሎ የሰጠውን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልን። ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ወደ ዘረመል አማካሪ ሂዱ ይላል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ገጹን አገላብጣ አይታ «ታዲያ የት ነው የሚኬደው?» ብላ ጠየቀች። እኔም ይህን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፋለሁ። እኔ ናሙናዬ ወደ ውጭ ተልኮ፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎ፣ ለውጡ እንዳለብኝ ዐውቄያለሁ፤ ከዘመዶቼ ብዙዎቹ ግን ይህን የሚያደርጉበት አቅም የላቸውም።

በእኛ ማኅበረሰብ የዘር ሐረግ መቁጠር ብርቅ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ ነው ዝምድና መኖር አለመኖሩ የሚጣራው፤ ስምንተኛውን አያት በስም የሚጠራ ሽማግሌ በየቀበሌው አይጠፋም። ያ ሁሉ ስም ሲዘረዘር ግን ማን በምን ሞተ የሚለው አብሮ አይነገርም። «ሆዱን ታሞ»፣ «በቁርጥማት»፣ «በድንገት» ተብሎ ይታለፋል፤ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ስሙ ሳይጠራ «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል። የሴቶቹ ይብሳል፤ አክስቴ የሞተችበትን የማህፀን ካንሰር እኛ ልጆች የሰማነው ካደግን በኋላ ነው። ዝምታው ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። «ዘራቸው በሽታ አለበት» የተባለ ቤተሰብ ልጅ መዳርም ልጅ መጠየቅም እንደሚቸግረው ሁሉም ያውቃል፤ ሥጋ ደዌ ያለባቸው ቤተሰቦች ላይ የደረሰውን አይተናል። ስለዚህ ጥያቄው «በቤተሰብዎ ካንሰር አለ?» ተብሎ ከቀረበ መልሱ «የለም» ይሆናል። «አባትዎ በሕይወት አሉ? ስንት ዓመታቸው ነው? ካረፉ ምን ታመው ነበር? ደም ይፈሳቸው ነበር? ተቀድደው ነበር?» እየተባለ፣ ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው እየተዞረ ሲጠየቅ ግን ሐረጉ ራሱን ይገልጣል። ይህ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ የሠለጠነች ነርስ ልትሠራው ትችላለች፤ ታካሚው ለቀዶ ሕክምና ተኝቶ ወረፋ በሚጠብቅባቸው ቀናት አሥር ደቂቃ አይጠፋም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በአንድ ቤት ሁለት የፊኛ ካንሰር መኖሩ ብቻውን ውርስን አያስረዳም፤ ወንድማማቾች ከአንድ ወንዝ ዋኝተው፣ በአንድ ፋብሪካ ሠርተው፣ አንድ ፓኬት ሲጋራ ተካፍለው ሊሆን ይችላል። የአንደኛ ደረጃ ዘመድ በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው ስጋቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቢሆንም፣ የእጥፉ ከፊል ድርሻ የጋራ ኑሮ ነው። ዓይን የሚስበው ሌላ ዓይነት ምልክት ነው፤ ሳያጨስ በወጣትነቱ የታመመ፣ ዕጢው ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቧንቧ ላይ የተነሣበት፣ ወይም በአንድ የዘር ሐረግ የአንጀት፣ የማህፀንና የሽንት ቧንቧ ካንሰር ተቀላቅለው የተገኙበት ሰው ከሆነ ጉዳዩ ወደ ቀጣዩ ምርመራ ማለፍ አለበት።

ቀጣዩ ምርመራ ብዙዎች እንደሚያስቡት ውድ የዘረመል ንባብ አይደለም። ለጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይን ለማየት በአገራችን ፓቶሎጂ ክፍሎች ሥራ ላይ የዋለው የቀለም ምርመራ፣ በፀረ እንግዳ አካላት አማካይነት አራቱ አራሚ ፕሮቲኖች በዕጢው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ለማየትም ያገለግላል። ወጪ ለመቀነስ ደግሞ በኤምኤስኤች6 እና በፒኤምኤስ2 ሁለቱ ብቻ መጀመር ይቻላል፤ ፕሮቲኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚቆሙ፣ ኤምኤስኤች2 ሲጠፋ ኤምኤስኤች6ም፣ ኤምኤልኤች1 ሲጠፋ ፒኤምኤስ2ም አብረው ይጠፋሉ። አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘው ብቻ ወደ ደም ምርመራ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ዕጢው ካለ ነው። በፎርማሊን ተይዞ በፓራፊን ሰም የተቀበረ ናሙና ለብዙ ዓመታት ሊቆይና ሊመረመር ይችላል፤ የሞተ ሰው ናሙና እንኳ ለልጆቹ መልስ ይሰጣል። እንዲህ በሰም የተያዘውን የአባቴን ናሙና (ብሎክ) ስንጠይቅ ማኅደሩ ሊገኝ አልቻለም። ስለዚህ ሚኒስቴሩ የፓራፊን ብሎኮች ለስንት ዓመት እንደሚቀመጡ፣ በምን ቁጥር እንደሚመዘገቡና ቤተሰብ በምን ሥርዓት ሊጠይቃቸው እንደሚችል በመመሪያ እንዲወስን፣ መመሪያ ካለም በየላቦራቶሪው እንዲሠራበት እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ከጠየቅኋቸው ሁሉ ይህ አንዱ ብቻ ቢፈጸም እንኳ አልቆጭም።

በአንድ ሰው ላይ ለውጡ በትክክል ከታወቀ በኋላ ዘመዶቹን መመርመር ቀላል ነው፤ ዘረመሉን በሙሉ ማንበብ ሳያስፈልግ ያችን አንዲት ቦታ ብቻ ማየት ይበቃል። በኮሮና ጊዜ በየክልሉ የተተከሉት የፒሲአር ማሽኖችና በምርምር ተቋማት ያለው ዕውቀት ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቤቱ የሚይዙት የቤተሰብ ፎልደርም ቢሆን፣ ክትባትና ወሊድ እንደሚመዘገብበት ሁሉ፣ ዕድሜው 50 ዓመት ሳይሞላ በካንሰር የታመመ ሰው መኖሩ የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢጨመርበት ትልቅ ሥራ ነው።

ማወቁ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለፊኛው ራሱ ጥቅሙ ውሱን መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ የሊንች ለውጥ ላለበት ጤነኛ ሰው በየዓመቱ ሽንት መመርመር ሕይወት እንደሚያተርፍ አልተረጋገጠም፤ አንዳንድ ሐኪሞች በተለይ ኤምኤስኤች2 ላለባቸው ያደርጉታል። ቢያንስ ግን እንዲህ ያለ ሰው በሽንቱ ደም ያየ ዕለት «ጠጠር ይሆናል»፣ «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ እየቀያየረ ወራት አያሳልፍም። ትልቁ ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንጀትን በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ካሜራ ባለው ቱቦ (በኮሎኖስኮፒ) አይቶ ፖሊፕ የሚባለውን እባጭ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ማውጣት ይቻላል። በየፋርማሲው በርካሽ የሚገኘው አስፕሪን በቀን 600 ሚሊግራም መጠን ለሁለት ዓመት ሲወሰድ፣ ከዓመታት በኋላ የሊንች ሰዎችን የአንጀት ካንሰር በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በትልቅ ሙከራ ታይቷል፤ ደም የማፍሰስ አደጋ ስላለው ግን ያለ ሐኪም ምክር የሚዋጥ አይደለም። ልጅ ወልዳ የጨረሰች ሴትም ማህፀኗን አስቀድማ ስለማስወጣት በጊዜ መምከር ትችላለች። የአባቴ የፊኛ ዕጢ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ ጥቅሙን የሚያገኙት የአጎቴ ልጅ አንጀትና የእኔ እህቶች ማህፀን ነበሩ።

ስለ ምስጢር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ሕጉ ግን በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ካልተተረጎመ ወረቀት ነው። የዘር ሐረግ የተሣለበት ገጽ ከካርዱ ጋር በየኮሪደሩ መዞር የለበትም፤ ውጤቱም ለተመርማሪው እንጂ ለባል፣ ለአማት ወይም ለቀጣሪ አይነገርም። ለዘመድ የሚሰጠው ደብዳቤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን፣ ማንም ሊረዳው በሚችል አንድ ገጽ ተዘጋጅቶ፣ ታካሚው በራሱ እጅ የሚያደርሰው ሊሆን ይገባል። ለእኛ ቤተሰብ ያዘጋጀነው የአማርኛ ቅጂ አለ፤ ባለሙያ አርሞት ሊጠቅም የሚችል ከሆነ ያለ ምንም ክፍያ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

በመጨረሻም ይህን የምታነቡ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ውጤት ሲደርሳችሁ ለአገር ቤት ዘመድ «ካንሰር በዘራችን አለ» የሚል የስልክ ወሬ ብቻ አትላኩ፤ የላቦራቶሪውን ገጽ፣ የዘረመሉን ስምና የለውጡን ትክክለኛ ምልክት የያዘውን መስመር ላኩ፤ እዚህ የሚደረገው ምርመራ ያለዚያ መስመር ወጪው ይበዛል። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለቅርብ ዘመዶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚመረምሩ፣ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ። በአሜሪካ ያላችሁም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ በጤና መድንና በሥራ ቅጥር ረገድ በዘረመል ውጤት ምክንያት ከሚደርስ አድልዎ እንደሚከላከልላችሁ፣ የሕይወት መድንን ግን እንደማያካትት ዐውቃችሁ ተመርመሩ።

ከላቀ አክብሮት ጋር፣
ከአንድ የሊንች ቤተሰብ አባል
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር
ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት